ሰፈር በአንድ ቃል ሲጠቃለል

ታክሲ ሞልቶ እስኪነሳ የምትጠብቋትን ያህል ጊዜ ብቻ ስጡኝ፤ አትቆጩም። በዚያች ጊዜ ሁለት ነገር እነግራችኋለሁ። አንዱ ኢንተርኔት መንገዱን እንዴት እንደሚያውቅ ነው። ሌላው እህቴ ሰብለ እንዴት እንዳገባች። ምን ያገናኛቸዋል ካላችሁ የድሮውን አቃቂ አታውቁትም ማለት ነው።

እኔ ኔትወርክ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ሳሪስ ካለ ኢንተርኔት ቤት፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ያወቅሁትን ለሰው ካላስረዳሁ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናቴ እንኳ ሽንኩርት እየከተፈች ስለ ራውተር ሰምታለች። ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ በሽንኩርቱ ይሁን በእኔ አላጣራሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተር ማለት መንታ መንገድ ላይ ተቀምጦ ለሚያልፈው መልእክት ሁሉ «በዚህ ሂድ» የሚል ዕቃ ነው። አንዳንዶቹ ወሬኞች ናቸው። ከማን ጋር እንደተገናኙ፣ የትኛው መስመር እንደተበጠሰ ለጎረቤት ይናገራሉ፤ ጎረቤትም ለጎረቤት። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለውን ተረት ግን አያውቁም። የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያቀብላሉ። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ዓይነት ካርታ ይይዛል። ግሩም ነው። ግን አገር ሙሉ እንዲህ ቢያወራስ? የማን ጭንቅላት ይችለዋል? ስለዚህ በሰፈር በሰፈር ይከፍሏቸዋል። የሰፈሩ ዳር ላይ ያለው ራውተር ውስጡን ሁሉ ያውቃል፤ ለውጭ ግን አይዘረዝርም። «ከዚህ እስከዚያ ያለው አድራሻ ሁሉ በእኔ በኩል ነው» ይላል፣ አለቀ። ይህን ማጠቃለል ይሉታል።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ጋሽ ሸምሱ ናቸዋ!

ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው። ሱቃቸው አስፋልቱ ዳር፣ ታክሲ የሚያወርድበት ላይ ነበር። የባቡርና የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈራችን ከሱቁ ጀርባ ይጀምራል። ውስጥ ለውስጥ የማንተዋወቅበት ነገር አልነበረም፤ የማን ወጥ እንዳረረ ሽታው ሳይደርሰን ወሬው ይደርሰን ነበር። ከውጭ የመጣ ሰው ግን የማንንም ቤት ቢጠይቅ የጋሽ ሸምሱ መልስ አንድ ነው፦ «ግቡ፣ ውስጥ ነው።» ስለ ሰዎቹ ጠባይ ቢጠይቅም አንድ ነው፦ «ደህና ሰዎች ናቸው።»

ይህ ምን ይጠቅማል? ስሙኝማ።

ያኔ አባቴና የግድግዳ ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው ጠብ ላይ ነበሩ። ምክንያቱ የልብስ እጣቢ። ከጋሽ በላቸው ግቢ ይነሳና በእኛ ደጅ ያልፋል። ጠዋት ይታረቃሉ፤ እጣቢው ሲፈስ ይጣላሉ፤ ማታ ደግሞ ይታረቃሉ። ሰፈሩ «ታረቁ» ብሎ ሳይጨርስ «ተጣሉ» ይመጣል። ኔትወርክ ላይ መስመር እየበራ እየጠፋ ሲያስቸግር ልክ እንደዚህ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ ሰብለን ሊያገባ የፈለገው የዳዊት አክስት ከሳሪስ መጡ። የልጅቷን ቤተሰብ ሊያጣሩ። ሰብለ ደግሞ ያንን ልጅ ካላገባሁ ሌላ አላገባም ብላ ምላለች። ጋሽ ሸምሱ «ደህና ሰዎች ናቸው» አሏቸው፣ ሳሙናም ሸጡላቸው፣ ሴትዮዋም ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ጠቡ አስፋልቱን አልተሻገረም። የማጠቃለል ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የውስጥ ብጥብጥ ውጭውን አያምስም።

ጉዳቱስ? እሱም አለው። ውስጥ ያለው ቤት ቢዘጋም ዳር ያለው «ግቡ» ማለቱን አይተውም።

አክስትየው በሰሙት ነገር ረክተው፣ ጾሙ ሳይገባ ይለቅ ብለው፣ ሽማግሌዎቹን ከተቀጣጠርንበት ቀን አንድ እሑድ አስቀድመው ላኳቸው። አባቴ ደግሞ በዋዜማው «ከዚህ ሰውዬ አጠገብ አላድርም» ብሎ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ እናቴን ይዞ እህቱ ጋ ሄዷል። የት? ሳሪስ! ሰብለ ፋብሪካ ተረኛ ናት። እኔ ኢንተርኔት ቤት፣ መጽሐፌ ጋ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ጋሽ ሸምሱን ጠየቁ። ጋሽ ሸምሱ ግቡ አሉ። ገቡ። በሩ ተቆልፏል።

በእኛ ዘንድ ለሽማግሌ የተቆለፈ በር ዝም ያለ እምቢታ ነው። መጽሐፉም መድረሻ ያጣ መልእክት ይጣላል ይላል፤ ይቅርታ የሚጠይቀውም የለም። ሽማግሌዎቹም ዘንጋቸውን አንስተው ሊመለሱ ነበር አሉ። ሲመለሱ ደግሞ የሰብለ ነገር አብሮ ይመለሳል።

ያኔ የጋሽ በላቸው በር ተከፈተ። የሰፈሩ ካርታ እሳቸውም ጋ አለ፤ ማን እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣ ያውቃሉ። አባቷ በድንገት መንገድ እንደሄደ፣ ሰብለ ግን የእሳቸውም ልጅ እንደሆነች ነገሯቸው። አስገቧቸው። ወንበር አልበቃ ብሎ ከሦስት ቤት ተለቀመ። በወጉ መሠረትም «መክረን መልስ እንሰጣለን» ብለው ለሳምንት ቀጠሩ። ማታ ስመለስ ታሪኩን ከየበሩ ሰማሁት፤ አንድ ቃል አይለያይም።

አባቴ ሲሰማ ጦፈ። ማን ወከለው? ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ቆየና ወደ አጥሩ ተጠጋ።

«ቀጠሮው መቼ ነው?»

ጋሽ በላቸው ከወዲያ ሆነው፣ «እሑድ። ካልመጣህ እኔ እድራታለሁ» አሉት።

መጣ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰብለን ሰጡ። እጣቢው እስከ ሠርጉ ድረስ አልፈሰሰም፤ ከሠርጉ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ።

አሁን ያ ሰፈር ፈርሷል፤ እኛም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። እዚህ ማጠቃለል የለም። ዘበኛው ብሎክ ስንት፣ ፎቅ ስንት፣ ቤት ቁጥር ስንት ይላል። ማንም በር አይስትም። በር ካልተሳተ ደግሞ ጎረቤት በምን ይገናኛል?

መጽሐፉ ስታጠቃልሉ ተጠንቀቁ ይላል። እኔ ግን ሞክሩት እላለሁ። ነገ አንድ እንግዳ ሰው መጥቶ ስለተኳረፋችሁት ጎረቤት ቢጠይቃችሁ፣ ሳትዘረዝሩ «ደህና ሰው ነው» በሉና እዩት። ብቻ ትርፍ ወንበር ይኑራችሁ።