ልጄ ወደ ሥራ ስትመለስ የተተከለው ድንኳን

የልጄ የወይንሸት የወሊድ ፈቃድ አለቀ፤ ከነገ ጀምሮ ይህን ሕፃን ማን ይይዘዋል? ሞግዚት እንዳይቀጠር ደመወዟ ከየት ይመጣል? ያለ ደመወዝ ቤት ትቀመጥ እንዳልል የቤት ኪራይ አለ። እኔ እንዳልይዘው እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ብጥለውስ? ልጄንና ባሏን ብጠይቅ «አስበንበታል፣ አይጨነቁ» ይሉኛል፤ ምን እንዳሰቡ ግን የሚነግረኝ የለም። እንዲሁ ስገላበጥ እንቅልፍ ጣለኝና በሕልሜ የዕድራችን ጡሩምባ ሲነፋ ሰማሁ።

«ያልሰማህ ስማ! ወይንሸት ሥራ ልትገባ ነው! ድንኳኑ ፋብሪካው በር ላይ ነው!»

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥኩ። ልጄ ልብስ የምትሰፋበት ፋብሪካ በር ላይ ለቀስተኛው ሞልቷል። ሥራ አስኪያጁ ደረቱን ይደቃል።

«ምነው ወይንሸት! ምነው በአጭሩ! ልጁ ሳይድህ!»

ዘበኛው ክንዱን ያዘው። «ይበቃዎታል ጌታዬ፤ ማንም የማይቀርበት ነው።»

ንፍሮውን ልዘግን እጄን ስሰድ ድንኳኑ የኛ ቤት ሆነ። አልጋው ላይ አማቼ መኳንንት ሻሽ አስሮ ተኝቷል። ሥራ አስኪያጁ እንባውን ሳይጠርግ ገንፎ ያገነፋል።

«አንተ፣ ተነስ እንጂ! የወለደችው እሷ!» አልኩት።

«እሷ ወለደች፣ እኔ ታረስኩ። ተካፈልን እኮ፣ እማማ።»

የፋብሪካው ገንዘብ ያዥ እግሬ ላይ ወደቀ። «እናቴ፣ ደመወዛችሁን ውሰዱ ብንላቸው እምቢ አሉን። ያስታርቁን!»

«እኔ ምን አግብቶኝ» አልኩ ለወጉ፤ ዓይኔ ግን ሽማግሌ ይፈልግ ጀመር። ይሄኔ ሕፃኑ ከመኝታው ተነስቶ ብድግ አድርጎ አቀፈኝ። እጁ ፍንክች አይልም።

«አይዞሽ እማማ፣ አልጥልሽም» አለኝ። እሹሩሩ ሲለኝ ነቃሁ።

ነግቷል። ወይንሸት የሥራ ልብሷን ለብሳ ቆማለች። መኳንንት ደግሞ ሥራ መሄዱን ትቶ የተኛውን ሕፃን በሚስቱ ነጠላ ደረቱ ላይ አስሮ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሻሹ ብቻ ነው የቀረው።

«አንተ አትሄድም እንዴ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«የዓመት ፈቃዴን ለዛሬ ነበር ያጠራቀምኩት፣ እማማ።»

ለካ ለፋሲካ እናቱ ዘንድ ያልሄደው ለዚህ ነው!

«እሱ ሲያልቅስ?»

«ያኔ ዕቁቡ ይደርሰናል፣ ሞግዚት እንቀጥራለን። ቀድመን ብንነግርዎ ዕቁቡ ባይወጣስ ብለው ሊጨነቁ!»

እውነትም ባይወጣስ? ብቻ ተመስገን። እንዲህ ያለ አማች የሰጠኝ ይመስገን።

ሕፃኑ የእናቱን ድምፅ ከሰማ አበቃ፣ ቤቱን ያናጋዋል። ወይንሸት ጎንበስ ብላ የሚንቀጠቀጠውን እጄን ሳመችው። ከዚያ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።