የመርዕድ ሂንዲ

የአዲስ አበባ ሰው የህንድ ፊልም ሲያይ ቋንቋ አይቸግረውም። እናት ልጇን ባቡር ጣቢያ ላይ ስታጣው ያለቅሳል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ስታገኘው ደግሞ ያለቅሳል፤ በመሃል ሂንዲ እንደማይችል ትዝ የሚለው የለም። አጠገባችሁ የተቀመጠውን "ምን አለች?" ብላችሁ ብትጠይቁት "ልጄ ነው እያለች ነዋ!" ብሎ ይቆጣችኋል። ልክ ነው። ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ የተዋናዩን ስም ያውቃል፣ የጸጉሩን አበጣጠር ያውቃል፤ ዜማውን ማን እንደሠራው፣ ቃሉን ማን እንደጻፈው ግን አይጠይቅም። አፉን የከፈተ ሁሉ የዘፈነ ይመስለናል። ነገሩ በህንድ ፊልም ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤው የፈራሚው ነው፤ ቁጭ ብሎ የጻፈውን የሚያውቀው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነው።

ባለቤቴ መርዕድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። የሌሎችን ደብዳቤ ሲመዘግብ በመኖሩ ይሁን ሲፈጥረው እንደዚያ ሆኖ፣ የአንዱ ሥራ በሌላው ስም ሲጠራ ደሙ ይፈላ ነበር። በወጣትነታችን ሲኒማ ቤት መድረስ የነበረብን ፊልሙ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። የድሮ የህንድ ፊልም የሠሪዎቹን ስም የሚያሳየው መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ስሞቹ ካለፉ በኋላ ከደረስን አንገባም። ተመልሰን ወደ ካዛንቺስ! ስንት እሑዴ እንዲህ ባከነ። በጊዜ ከደረስን ደግሞ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በጨለማ እየተንጋደደ ሦስት ነገር ይጽፋል፦ ዜማ፣ ግጥም፣ ዳይሬክተር። ተዋናዮቹን አይመዘግብም። "እነሱን ግድግዳው ሁሉ መዝግቧቸዋል" ይላል።

ሌላም ሥራ ነበረው። ንግግሩ ከሥር በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ፣ መርዕድ ለተቀመጥንበት ረድፍ ሁሉ ይተረጉማል። ዘፈን ሲመጣ ጽሑፉ ይጠፋል። መርዕድ ግን አይጠፋም። ያንኑ ሹክሹክታውን ይቀጥላል። አንድ ቀን ከኋላችን የነበሩ ሴትዮ "አንተ ልጅ፣ ሂንዲ የት ተማርክ?" ቢሉት "ይህን ፊልም ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ" አላቸው። "እንዲያ ነው እንጂ!" ብለው አመሰገኑት።

እኔንም የያዘኝ እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ከሲኒማ ቤት ውጭ መርዕድ ቃል የማይወጣው ሰው ነበር። "ወደድኩሽ" ከሚል "ዝናብ ሳይመጣ እንሂድ" ቢል ይቀለዋል። አንድ እሑድ ግን ተዋናዩ በመንደር ውስጥ ባልዲ ተሸክሞ እየዞረ በሚዘፍንበት ቦታ ላይ፣ ስምንት ስንኝ በጆሮዬ ተረጎመልኝ። ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦

ወንዙም ቢደርቅብኝ፣ ሰማዩም ቢጨክን፣
የሳቅሽ ጠብታ ያከርመኛል እኔን።

"ባልዲው ምንድን ነው?" አልኩት። "ባልዲው ምሳሌ ነው" አለኝ። በዚያው ዓመት ተጋባን።

ከዚያ በኋላ ተኳርፈን ሲታረቀኝም፣ ስታመምም፣ ሂሩት ልጃችን የተወለደች ለታም ያችኑ ስምንት ስንኝ ነው የሚያመጣው። እኔም እወዳታለሁ፤ እያደር ግን ትቆረቁረኝ ጀመር። ሰው እንዴት ከራሱ አንድ ቃል ያጣል? ባገባሁት ሰው አፍ የሚያፈቅረኝ አንድ የማላውቀው ህንዳዊ ነው እያልኩ፣ አንዳንዴ ህንዳዊውን አመሰግናለሁ፣ አንዳንዴ እቀናበታለሁ። መርዕድን ግን አልጠየቅሁትም። አምና ሞተ። ሰው ከቀበሩ በኋላ የሚቀረው ያልጠየቁት ነገር ነው፤ እኔም ጥቁሬን ለብሼ፣ ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ሰንጋ ተራ ባለው የሂሩት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጬ፣ የማስበው ይህንኑ ነበር። አብሮኝ የኖረው ሰው ለእኔ የሚሆን የራሱ ቃል ነበረው ወይስ አልነበረውም?

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሐውልት ማሠራት መጣ። ሐውልት ሠሪው ጌታሁን የሚባል ቀልጣፋ ጎልማሳ ነው፤ "ማዘር፣ ከስሙ በታች ምን ልቅረጽ? 'ሩጫዬን ጨርሻለሁ' የሚለው አሁን በብዛት እየሄደ ነው" አለኝ። መርዕድ ሮጦ አያውቅም። ስምንቱ ስንኝ ይቀረጹ አልኩ። ከአፉ ሌላ ምን ሰምቼ አውቃለሁ?

ግን ችግር አለ። የመርዕድን መቃብር በሰው ግጥም አስውቤ፣ የገጣሚውን ስም ብተው፣ ከተኛበት ተነስቶ ከመቃብሩ ያባርረኛል።

"እማዬ፣ በቃ ስሙን ተዪው! ማን ያውቃል?" አለች ሂሩት።

"አባትሽ ያውቃል።"

"ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ መስቀል ሥር፣ የህንድ ስም ሊጻፍ ነው? ቄሶቹ ምን ይላሉ?"

"በቅንፍ ይጻፋል።"

እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ደብተሩን ከካርቶን አውጥቼ ገለጥኩ። የባልዲው ፊልም ተመዝግቧል። የዜማው ሠሪ ስም አለ፣ የዳይሬክተሩም አለ። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ በየአንዳንዳቸው አጠገብ የገጣሚ ስም አስፍሯል። የእኔዋ ዘፈን አጠገብ ግን በዚያ በተስተካከለ የመዝገብ ቤት ጽሕፈቱ "የአማርኛው፦ አይገለጽም" ይላል። የአማርኛው ማለት ምን ማለት ነው? ተርጓሚውን መሰለኝ። ራሱን መጻፍ አፍሮ ይሆናል አልኩ። ህንዳዊው ግን ማነው? ሂሩት በስልኳ ብትፈልግ ብታስፈልግ የፊልሙ ስም በአማርኛ ፊደል ስለተጻፈ ሊገኝ አልቻለም።

ላንቻ ሚስተር ዴሳይ የሚባሉ ጡረተኛ የሂሳብ አስተማሪ አሉ። ወጣት ሆነው መጥተው እዚሁ ያረጁ ህንዳዊ ናቸው፤ እኔ አማርኛ ሳስተምር አንድ ትምህርት ቤት አብረን ሠርተናል። አማርኛቸው ከእኔ ተማሪዎች ይሻላል፤ ብቻ የተማሩት በአክብሮት ስለሆነ ሁሉንም "እርስዎ" ነው የሚሉት። ስደርስ በራቸው ላይ የተኛውን ውሻ "እባክዎ ይነሱ፣ እንግዳ መጥቷል" ሲሉት ሰማሁ። ተነሳ።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። "እስቲ ዜማውን ያሰሙኝ" አሉኝ።

እስቲ አስቡት። ሰባ ዓመት የተጠጋኝ ሴት፣ ከራሴ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሼ፣ ሰው ቤት ሶፋ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ የህንድ ዘፈን ላንጎራጉር። አንጎራጎርኩ። ሚስተር ዴሳይ ከሁለተኛው ስንኝ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አለቀሱ ብዬ እኔም እንባዬ መጣ። ዞር ሲሉ ለካ እየሳቁ ነው።

"ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሐዘን ላይ ነዎት።"

"ምንድን ነው? ይንገሩኝ እንጂ!"

"ይህ የባልዲ ጠጋኝ ዘፈን ነው። 'ባልዲሽ ያፈሳል፣ የጎረቤትሽም ያፈሳል፣ የአማትሽማ ጭራሽ ቂጥ የለውም፤ አምጡት ልጠግነው' ነው የሚለው። እስከ መጨረሻው ይኸው ነው።"

"ወንዝ ሲደርቅስ? ሰማይ ሲጨክን?"

"ሰማይ የለበትም። ባልዲ ነው።"

ስምንቱንም ስንኝ አነበብኩላቸው። ሳቃቸውን አቁመው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር አስረዱኝ። በእነሱ አገር ፊልም ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ዜማው ነው የሚቀድመው። ዳይሬክተሩ ታሪኩን ይናገራል፣ ባለዜማው ሐርሞኒየም የሚሉትን የሙዚቃ መሣሪያ ይዞ ዜማውን ይፈጥራል፤ ገጣሚው አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ለተሠራው ዜማ ልክ የሚሆን ቃል ይፈልጋል። "ባለቤትዎም ይህንኑ ነው ያደረጉት" አሉኝ። "ዜማው ከቦምቤይ መጣላቸው፤ ቃሉን እሳቸው ካዛንቺስ ጻፉት። በሙያው ደንብ ከሄድን የዚህ ግጥም ገጣሚ እሳቸው ናቸው።"

አሁን እናንተ ሳቁብኝ፤ ፈቅጃለሁ። አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ እኮ! ከሂንዲ እየተተረጎመ፣ ያውም በጨለማ፣ በሹክሹክታ፣ ያውም ተዋናዩ አፉን ሳይዘጋ፣ ቤት የሚመታ ግጥም የት ታይቶ ያውቃል? የተማሪ ድርሰት ላይ የነጠላ ሰረዝ ስህተት ከሩቅ የምለይ ሴት፣ "ባልዲው ምሳሌ ነው" ተብዬ ዕድሜ ልኬን አመንኩ። እሱ ደግሞ መዝገብ ላይ መዋሸት ስለማይችል ህንዳዊውን ገጣሚ በውሸት አልጻፈም፤ እኔ ፊት ግን በሌላ ሰው ካልተደገፈ "ያከርመኛል" የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም።

ከሚስተር ዴሳይ ቤት ወጥቼ ታክሲ አልያዝኩም። እስከ ደምበል በእግሬ ሄድኩ። ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር የት እንደወረደ አላውቅም፤ ትንፋሼ ግን እስከ ታች ይደርስ ጀመር። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ሁለት ወጣት ሴቶች ጥቁር ልብሴንና ሳቄን አይተው ገለል ብለው አሳለፉኝ። ይግረማቸው።

ማታ ሂሩት ደብተሩን አቅፋ መጣች። "እማዬ፣ የተረጎመልሽን ሌሎቹንም ዘፈኖች ለሚስተር ዴሳይ እናሳያቸው፤ የትኞቹ የአባዬ እንደሆኑ እንለይ" አለችኝ። ከለከልኳት። መርዕድ አንዳንዴ በትክክል ተርጉሞም ሊሆን ይችላል፤ ያን ሲያደርግ ልይዘው አልፈልግም።

በማግሥቱ ጌታሁን ደወለ። "ማዘር፣ ጽሑፉ ተገኘ? የጸሐፊው ስም?"

"ተገኘ።"

"ይላኩልኛ!"

እዚህ ላይ ነው የገረመኝን ነገር የምነግራችሁ። የህንዱ መስሎኝ ሳለ፣ ስምንቱንም ስንኝ በእብነ በረድ ላይ አስቀርጬ ላለፈ ላገደመው ላስነብብ ቆርጬ ነበር። የመርዕድ መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ግን ፊቴ ይግላል። የባልና የሚስት ነገር ነው፤ ቄስ፣ ቀባሪ፣ የሰፈር ሰው ቆሞ የሚያነበው አይደለም። ለእናንተ ሁለቱን ስንኝ ማውጣቴ ራሱ እየከነከነኝ ነው።

"አይጻፍም" አልኩት።

"ምንም?"

"ስሙ ብቻ።"

"ማዘር፣ ድንጋዩ ትልቅ ነው እኮ! ከሥር ይህን ያህል ቦታ ይቀራል። ለምን ይሆናል?"

"ቦታው ለእኔ ነው" አልኩት።

ስልኩ ውስጥ "በስመ አብ" እያለ ሲያማትብ ተሰማኝ። "ኧረ ማዘር፣ ዕድሜ ይስጥዎት! አይቸኩሉ!"

"አልቸኩልም" አልኩት። እውነቴን ነው።