የጨራሹ ጌም ቤት ጨለማ

ኤልያስ፦ አበላሹት! አበላሹት ስልህ! የልጅነቴን ጌም ወስደው ቀለም ቀቡት፣ ጥርስ ተከሉለት፣ ሽቶ ነሰነሱበት፣ በመጨረሻ ገደሉት!

ሶርሳ፦ ማንን ነው የገደሉት? ይሄ ባለ ኮፍያው ሰውዬ እኮ ቆሟል።

(ጂንካ ነው፣ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት ጌም ቤት። ቀትር ላይ በሩ ገርበብ ብሏል። ኤልያስ የቤቱ ጌታ ነው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ጨራሹ ጌም ቤት» ተብሎ የተጻፈው ለሱ ነው፤ በልጅነቱ «ቀዩ በር» የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ከጂንካ ልጆች እሱ ብቻ ጨርሷል ተብሎ ስሙ እስከ ኦሞራቴ ወርዷል። አሁን ያ ጌም እንደ አዲስ ታድሶ ወጥቷል። ኤልያስም ደረቱን ነፍቶ «ቅዳሜ ኑ፣ ፊታችሁ እጨርሰዋለሁ» ብሎ የሰፈሩን ልጆች ጠርቷል። ዛሬ ጎረቤቱን ጎሚስታውን ሶርሳን አስቀምጦ ሲለማመድ ነው ነገር የመጣው። ሶርሳ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። የሚለው ኤልያስ ነው።)

ኤልያስ፦ ሰውየውን አይደለም፣ ጌሙን! ያንተ ጭንቅላት ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ይጮሃል እንጂ ወደ ውስጥ ጠብ አይልም።

ሶርሳ፦ ቆርቆሮ ጥሩ ነው። የሚያፈሰው የሳሩ ክዳን ነበር።

ኤልያስ፦ ስማ! ይሄ ተኩስ የለው፣ ሩጫ የለው፣ ኳስ የለው። ጭንቅላት ነው! በማውሱ ታመለክታለህ፣ ጠቅ ታደርጋለህ፣ ዕቃ ትሰበስባለህ፣ ዕቃውን ከዕቃ ታገናኛለህ። ሰውየው የጠፋች እህቱን ፍለጋ አንድ አሮጌ ቤት ይገባል...

ሶርሳ፦ ቤቱ የማን ነው?

ኤልያስ፦ የፈለገው ይሁን!

ሶርሳ፦ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» አይልም እንዴ? ዝም ብሎ ዘው?

ኤልያስ፦ ጌም ነዋ! ጌም ውስጥ ማን ይጣራል?

ሶርሳ፦ ይኸው፣ ገመዱን አነሳ። መሰላሉንም አነሳ። ወይ ጉድ፣ መሰላል ኪሱ ውስጥ ከተተ! ዶሮዋንስ? ዶሮዋንም! ኤልያስ፣ ይሄ ሰውዬ እህት የለውም። ሌባ ነው። ዲመካ ገበያ እንዲህ እየለቃቀመ ቢያልፍ አዳሩ ፖሊስ ጣቢያ ነበር።

ኤልያስ፦ ዶሮዋ ትፈለጋለቻ! ዶሮዋን ማር ትቀባታለህ...

ሶርሳ፦ ዶሮዋን?

ኤልያስ፦ ማር! ማሩ ጉንዳን ይጠራል። ጉንዳኑ ከግድግዳው ስንጥቅ ይወጣል። ዶሮዋ ጉንዳኑን እለቅማለሁ ስትል ግድግዳውን ትጭራለች፣ ጭቃው ሲረግፍ ቁልፍ ዱብ ይላል፣ በቁልፉ ቀዩን በር ትከፍታለህ። ይሄን ማን ደረሰበት? እኔ! ያለ አስተማሪ!

ሶርሳ፦ በሩን ገፋ ቢያደርገውስ? እንጨቱ እኮ በስብሷል።

ኤልያስ፦ እንዲህ ስለምታስብ ነዋ ዕድሜህን ሙሉ ጎማ ስትነፋ የምትኖረው!

ሶርሳ፦ እኛ ሰፈር ዶሮ ማር የሚቀባ ሰው ቢገኝ ቸርች ወስደን እናስጸልይለት ነበር።

(ኤልያስ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ዷ ያደርጋል። ካባ ያጣ ጳጳስ ይመስላል፤ ተቆጥቶ የሚለብሰው ክብር ጠፍቶታል።)

ኤልያስ፦ አንተ አይገባህም። የሚያቃጥለኝ አዳሾቹ ናቸው። እያት ይቺን የኪቦርድ ቁልፍ። ስትነካት የሚጠቅመው ዕቃ ሁሉ ያብለጨልጫል። ለማን ብለው ነው? ላንተ ዓይነቱ! ሴቭ ደግሞ፣ የደረስክበትን ማስቀመጥ ማለት ነው፣ በየደቂቃው። እኔ አንድ ቀን ሴቭ አድርጌ አላውቅም። ሴቭ የፈሪ ነው። ወንድሜ ዘበኛ የነበረበት ቢሮ ማታ ማታ ገብቼ፣ ያ ጀርባው በሬ የሚያክለው ስክሪን ፊት ቁጭ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እስከ መጨረሻው!

ሶርሳ፦ በየማታው ጨርሰኸው?

ኤልያስ፦ በየማታው!

ሶርሳ፦ ታዲያ አሁንም ጨርሰው። ምን ያስጮህሃል?

ኤልያስ፦ አያልቅማ! ያ ነው የምልህ! እየው፣ ቀዩን በር ከፈትኩ። እዚህ ጋ ማለቅ ነበረበት። እነሱ ግን ደረጃ ጨመሩበት! ከደረጃው ሥር ምድር ቤት፣ ከምድር ቤቱ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ከተማ አለ አሉ። «አንደኛውን ምዕራፍ ጨርሰዋል፣ ይቀጥሉ» ይለኛል። እኔን! ቅዳሜ ልጆቹ ተኮልኩለው ይሄን ቢያዩ ምን እላለሁ?

ሶርሳ፦ ድሮ እንዴት ነበር የሚያልቀው?

(ኤልያስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይቺን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደተናገራት፣ የት ጋ ቆም እንደሚል፣ የት ጋ ዓይኑን እንደሚጨፍን ያውቃታል።)

ኤልያስ፦ ሰውየው እጁን ይዘረጋል... በሩ ሲጥ ይላል... ከዛ ጭልም! ጽሑፍ የለ፣ ሙዚቃ የለ። «አመሰግናለሁ» እንኳን አይልህም። ትርጉሙ ምን መሰለህ? ሰው ስንት ለፍቶ በሩን ከፍቶ የሚያገኘው ጨለማ ነው ማለት ነው። ይሄን ለስንቱ ወጣት አስተምሬበታለሁ መሰለህ!

ሶርሳ፦ ስክሪኑ ነው የጨለመው?

ኤልያስ፦ ስክሪኑ ብቻ? ክፍሉ በሞላ! ያኔ ጌም ከልብ ነበር የሚሠራው!

ሶርሳ፦ አምፖሉም?

ኤልያስ፦ አምፖሉም! ከወንድሜ ጋር በመስኮት ስናይ ጎረቤትም ጨልሟል። ሰፈሩ ጸጥ! ውሻ እንኳን አይጮህም። ቆመን አጨበጨብን። የዛሬዎቹ ሰፈር ማጨለም ቀርቶ ይቺን ክፍል ያጨልሟት እስቲ!

ሶርሳ፦ ሁልጊዜ በሩ ጋ ነው የሚያልቀው?

ኤልያስ፦ እንደ ችሎታህ ነው። አንዳንዴ ዶሮዋ ጋ ያልቃል። አንድ ክረምት እንዲያውም በጣም ከመበርታቴ የተነሳ፣ ሰውየው ገና ግቢ ሳይገባ ያልቅ ነበር።

ሶርሳ፦ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ናፍጣ የጠፋ ጊዜ?

ኤልያስ፦ አዎ፣ ያን ክረምት! ምነው፣ ናፍጣ ከጌም ምን አገናኘው?

(ሶርሳ አገጩን ያክካል። ኤልያስ ይሄ ሰው ሲያስብ አይቶት ስለማያውቅ ትንሽ ይደነግጣል።)

ሶርሳ፦ እኔ ያኔ አጎቴ ጋሽ ዶላሞ ቤት ነበርኩ። የከተማውን ጀነሬተር የሚጠብቀው እሱ ነበር። እራቱን ይበላል፣ ያዛጋል፣ «በሉ ሰው ይተኛ» ይላል፣ ሄዶ ያጠፋዋል። ናፍጣ ሲያልቅ ደግሞ በጊዜ ያጠፋዋል። ከዛ ጂንካ በሞላ... እንዳልከው... ጭልም።

(ውጭ ባጃጅ ያልፋል። ኤልያስ ባጃጁን የሚያደንቅ ይመስል በር በሩን ያያል።)

ኤልያስ፦ አጋጣሚ ነው።

ሶርሳ፦ በየማታው?

ኤልያስ፦ አዎ በየማታው! ቆይ፣ አሁን አሳይሃለሁ። ይቺን ሌላኛዋን ቁልፍ ስትነካ አዲሱ ሥዕል ይሄድና የድሮው እንደነበረ ይመጣል። ለእኔ ዓይነት አዋቂ የተዉት ነው። ደረጃው ከኖረ ምላሴን ቁረጥ!

(ይነካታል። ያ ሁሉ የሚያምር ሥዕል ይጠፋና የጥንቱ፣ እንደ ሽምብራ የተበታተነው ባለ ነጠብጣብ ሥዕል ይመጣል። ኮፍያው አለ። ዶሮዋ አለች። ቀዩ በር ወለል ብሏል።)

ሶርሳ፦ ደረጃውም አለ።

ኤልያስ፦ የድሮውንም አበላሽተውታል! ወደ ኋላ ተመልሰው!

ሶርሳ፦ እህ። ጌሙን የጨረሰው ጋሽ ዶላሞ ነዋ። አንተ በር ትከፍታለህ፣ እሱ እያዛጋ ይጨርሳል። ኮምፒውተር በዓይኑ አይቶ አያውቅም እኮ! በርህ ላይ ያስጻፍከውም...

ኤልያስ፦ ዝም በል! ሶርሳ፣ ወንድሜ፣ በእናትህ፣ ይሄ ነገር ከዚህ እንዳይወጣ። ሻይ ቤት ያለችው መሲ ከሰማች ወሬው ዲመካ ለመድረስ ሚኒባስ አያስፈልገውም። ልጆቹ «ጨራሹ» ሲሉኝ ነው የኖርኩት። ሌላ ምን አለኝ?

ሶርሳ፦ ቅድም ቆርቆሮ ነበርኩ፣ አሁን ወንድምህ ሆንኩ?

ኤልያስ፦ (ብድግ ብሎ) ደግሞ አልለምንህም! ልጆቹ ሳይመጡ እስከ ወንዙ፣ እስከ ከተማው፣ እስከ ጥጉ እጨርሰዋለሁ! ያቺን የምታብለጨልጨውን ሳልነካ! እንወራረድ!

ሶርሳ፦ በምን?

ኤልያስ፦ የተሸነፈ ያሸነፈውን ጫንቃው ላይ አውጥቶ ቅዳሜ ገበያውን ከዳር እዳር ያቋርጣል። ሰው ሁሉ እያየ!

ሶርሳ፦ እሺ። ሴቭ አለበት?

ኤልያስ፦ ... አለበት።

ሶርሳ፦ የፈሪ አልነበር?

ኤልያስ፦ አስተዋይ ሰው ሴቭ ያደርጋል! አሁን አየኝ።

(ይቀመጣል፣ ደረጃውን ጠቅ ያደርጋል። ባለ ኮፍያው ሰውዬ ዶሮዋን በኪሱ እንደያዘ ቀስ እያለ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል። ስክሪኑ ድርግም ይላል። ኤልያስ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል።)

ኤልያስ፦ ይኸው! ይኸው! አላልኩህም? ጨለመ! አለቀ! ተሸከመኝ!

ሶርሳ፦ ከታች ጽሑፍ መጣ። ምን ይላል?

ኤልያስ፦ ምንም አይል።

ሶርሳ፦ አንብብልኝ እንጂ፣ እኔ እንግሊዝኛ የት አባቴ አውቄ።

ኤልያስ፦ (እጁን ቀስ ብሎ እያወረደ) «ምንም አይታየኝም። መብራት ልፈልግ» ይላል።

ሶርሳ፦ አየኸው? ዶሮ ማር የሚቀባው ሰውዬ እንኳን ሲጨልምበት መብራት ጠፋ ብሎ አሰበ። አንተ ዓለም አለቀ ብለህ ቤትህ ገብተህ ተኛህ።

ኤልያስ፦ ጨርሰሃል? እያሰብኩ ነው! ዶሮዋን... ገመዱን ከዶሮዋ ጋር... ውርርዱ ገና ነው!

ሶርሳ፦ እኔ ምን አልኩ? ገና ነው። ጣትህን ግን ከምታብለጨልጨዋ አንሳ፣ አይቼሃለሁ።

(ሶርሳ ወንበሩን ጠጋ ያደርግና እግሩን ያነባብራል።)

ሶርሳ፦ ቀስ ብለህ አስብ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ቅቤ ያለበት ገንፎ ነው የምበላው። ትከሻህ ላይ ስወጣ መኖሬ እንዲታወቅህ።