ድንኳን ያበራ ባትሪ

ባለቤቴ ጫልቱ ከሞተች ስድስት ሳምንት ሆናት።

ሰው ሲሞት ብዙ ነገር አብሮ ይቆማል ይባላል። የእኛ ቤት ግን ሰዓቱም ሠራ፣ ዶሮውም ጮኸ። የቆመው ባጃጄ ነው። ምክንያቱን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ሳቁ፣ እኔም ቆይቼ ስቄበታለሁ። አሶሳ መብራት ሲያሰኘው ይሄዳል፤ በለቅሶው ሦስት ቀንም ሄደ። ጎረቤት መላ አያጣምና የባጃጄን ባትሪ ፈትቶ ድንኳኑ ውስጥ አምፖል ሰቀለበት። እስከዚህ ደግ ነው። ችግሩ ማጥፋቱ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት መብራት ማጥፋት እንግዳን «በቃ ተነሡ» ማለት ነው፤ ማን ደፍሮ ያጠፋል? ስለዚህ ቀንም በራ። ፀሐይ ወጥታ፣ አምፖሏ በርታ፣ እኛ ከሥሯ ተቀምጠን። ድንኳኑ ሲፈርስ ባትሪው ባዶ ነበር። እኔም ከእሱ አልሻልም፤ ባጃጁን ሸራ አልብሼ ተውኩት።

በስድስተኛው ሳምንት አማቴ ከባምባሲ መልእክት ላኩ። «ሥራ ፈትተህ ልጅ አታሳድግም። እሑድ መጥቼ ሲፈንን እወስዳታለሁ።» ሲፈን ሁለት ዓመቷ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሸራውን ገለጥኩ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ባትሪ የሞተበት ሰው ግን ቢደብቅ ይሻለዋል፤ መድኃኒቱ ይበዛበታል። አንዱ የፈላ ውኃ ጨምርበት አለኝ። ሌላው ለስላሳ አፍስስበት አለኝ። የጭነት መኪና የሚነዳው ጎረቤቴ ደግሞ የራሱን ቻርጀር በትከሻው ተሸክሞ መጣ።

«ይሄ ፈረስ ነው። ከምሳ በፊት ያስነሣልሃል!»

ልሰካው ነበር። አልዋሽም። ግን አንድ ጥያቄ ከነከነኝ፤ ጉልበተኛው የሚሻል ከሆነ ደካማውን ቻርጀር ለምን ይሠሩታል? ጥያቄዬንና ባትሪዬን ይዤ ገበያው ጀርባ ወዳለው ባትሪ ጠጋኝ ወደ ጋሽ ዑስማን ሄድኩ። የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛው አጭር ነው፤ አንድም ቃል አያባክንም።

ባትሪውን እንደ ሕፃን አገላብጦ አየና «ይሄ አልሞተም» አለ። «ጾመኛ ነው። ጾመኛ በምን ያፈጥራል? በቴምር። አንተ በሬ ልታበላው ነው?»

ጽሑፉን በጣቱ አሳየኝ። አሥራ ሁለት ቮልት ይላል፤ የጎረቤቴ ፈረስ የሚሰጠው ሃያ አራት ነው። ሠላሳ ሁለት የሚልም አለ፤ የሚይዘው መጠን ነው። «ከአሥር አንዱን ስጠው። ሦስት አምፔር፣ ኸላስ፣ በቃ። ቶሎ ከሰጠህ ይፈላል። ከፈላ ጋዝ አለ። ጋዝ እሳት ካገኘ…» እጁን ወደ ሰማይ በተነው። ክዳኖቹን ከፍቶ የተጣራ የባትሪ ውኃ እስከ መስመሩ ሞላልኝ።

«የት ታደርገዋለህ?»

«መኝታ ቤት። ዝናብ አለ፤ ሌባም አለ።»

«ልጅ የት ይተኛል?»

«እዚያው።»

ባትሪውን ወደ እኔ ገፋው። «ጋዙ እዚያ ይሞላል። ታዲያ ሌባው አንተ ነህ።»

ወደ ሱቅ ሄድኩ። ሁለት ቻርጀር ነበር። ነጋዴው መብራት የበዛበትን ትልቁን አሞገሰልኝ። እኔ ግን አሥራ ሁለት ቮልት ነው ወይ፣ ሦስት አምፔር ላይ ይቆማል ወይ፣ ሲሞላ በራሱ ያቆማል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ልጄን ለማጨት የመጣ ሽማግሌ እንኳ ይሄን ያህል አልጠየቀኝም» አለ። ትንሹን ገዛሁ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በረንዳው ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት፣ ባትሪውን ሳንቃ ላይ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ቀዩን ሽቦ መደመር ምልክቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጥቁሩን መቀነሱ ላይ፤ ግድግዳው ላይ መሰካት ከሁሉ በኋላ። ውስጡ አሲድ ስላለ ሲፈን እንዳትጠጋ ከምሰሶ ምሰሶ የልብስ ገመድ ወጠርኩና ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። መብራት ሄደ፤ ነቀልኩ። መጣ፤ ሰካሁ። እንዲህ ነው የዋልነው።

«ባቢ፣ ምን ይበላል?» አለች ሲፈን ከገመዱ ማዶ።

«ቴምር።»

ገብታ ብስኩቷን አመጣችና ወረወረችለት።

ይሄኔ አማቴ ከች አሉ። እሑድ ብለው ቅዳሜ መምጣታቸው ቤቱን ሳይጠረግ ለማየት ነው፤ አማት የሌላችሁ አይገባችሁም። ልጅቷን አቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ተቀምጠህ ትጠብቀዋለህ? ይሸሻል እንዴ?»

መልስም አልጠበቁ። ለልጅቷ ገንፎ ሊሠሩ የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ይዘው ወደ በረንዳው መጡ።

«እማዬ! እሳት አይምጣ! ወደ ጓሮ!»

ጮኽኩባቸው። ከቀብሩ ወዲህ ድምፄን ከፍ ብሎ የሰማ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ምድጃውን እንደያዙ ቆሙ። እኔን አዩ፤ ገመዱን አዩ፤ ከገመዱ ማዶ የቆመችውን ሲፈንን አዩ። «እሺ፣ ማሎ፣ እባክህ አትጩህ» አሉና ወደ ጓሮ ዞሩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት በራ፤ ሞልቷል። ከግድግዳው ነቀልኩ፤ ከዚያ ጥቁሩን፣ ቀዩን መጨረሻ። ባትሪውን ባጃጁ ላይ መልሼ አሠርኩ። ቁልፉን አዞርኩ፤ አንዴ ሳለ፤ ደገመው፤ ተነሣ።

«በእኔ ፈረስ ቢሆን ሐሙስ ይነሣ ነበር!» አለ ጎረቤቴ ከአጥሩ በላይ።

አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ነገ መናኸሪያ ታደርሰኛለህ።»

ሲፈንን አየኋት። «ሁለታችሁንም?»

«እኔን ነው ያልኩህ። ጆሮህም ባትሪ ጨረሰ?»

የባጃጁ የፊት መብራት በርቷል። ገና ቀን ነው። ሲፈን ታጨበጭባለች፤ ጎረቤት ተሰብስቦ መብራቱን ያያል፤ አማቴም ያያሉ። አጥፋው ያለኝ ማንም የለም።

እጄን ሰድጄ አጠፋሁት።