ጋሼ ታደሰ ያስታረቁት እሳት

ጀርመን አገር ረግጬ አላውቅም። ግን እዚያ ያለች አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ማን ከማን እንደተጣላ ጠይቁኝ፤ ከራሴ ዘመዶች ጠብ የበለጠ አውቀዋለሁ። ያወቅኩት ደግሞ እዚሁ አሜሪካ፣ ዌስተርቪል ከተማ፣ ጎረቤቴ ሚስተር ካርል ግቢ ውስጥ፣ ማስክ አድርጌ ነው።

ካርል ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። በኮሮናው ጊዜ ሰው ሁሉ ዳቦ መጋገር ሲማር፣ እሳቸው ቅድመ አያታቸው የመጡበትን መንደር ታሪክ ጻፉ። ልጆቻቸው ማንበቡ ቀርቶ ስልካቸውንም ማንሳት ተዉ። እኔ ደግሞ ሽማግሌ እያወራ ጥሎ መሄድ አልችልበትም። በዚያ ላይ አጎቴ ጋሼ ታደሰ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ በረራ ተቋርጦባቸው፣ ሥራ ፈትተው እኔው ጋ ተቀምጠዋል። እና በየቅዳሜው ካርል በረንዳቸው ላይ ያነባሉ፣ እኔ ሣሩ ላይ ሆኜ እተረጉማለሁ፣ ጋሼ ያዳምጣሉ።

መንደሯ አንድ ጊዜ ተቃጥላለች። ዘበኛው ስለተኛ ነው ይላል የካርል መጽሐፍ። ጋሼ ወዲያው፣ ዘበኛውስ ምን አለ ብለው ጠየቁ። ካርል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለካ የዘበኛው ዘር እዚሁ አጠገባችን፣ ብሌንደን ታውንሺፕ አለ፤ ዋልተር የሚባሉ፣ የካርል አብሮ አደግ። ዋልተር ረቂቁን አንብበው፣ እሳቱ የተነሣው ከዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ነው ብለው ካርልን ዘጓቸው። ዳቦ ጋጋሪው ማን ነበር? የካርል ቅድመ አያት!

ጋሼ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው። ዋልተርን ጥራልኝ አሉኝ፤ ኮል አደረግኩ። ዋልተር የራሳቸውን ወንበር ይዘው መጡ። ተራርቀው ተቀመጡ። ኩርፊያቸው ከማስክ በላይ ባለችው ግንባር ብቻ ይታያል። ስለ ምድጃና ስለ እንቅልፍ ብዙ ተባባሉ። በመጨረሻ ዋልተር ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

«ውሻዬ ሲሞት እንኳ አልደወልክም» አሉ።

ካርል መሬት መሬት አዩ። እኔም መተርጎሙን ረሳሁት።

ጋሼ ግን ገብቷቸዋል። ትንሽ አሰቡና፣ እዚያ መንደር ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው የለም ወይ አሉ። ካርል ገጽ ገለጡ። አስተማሪው ወንደላጤ ነበር።

«በቃ፣ እሳቱ ከአስተማሪው ፒፓ ነው» ብለው ፈረዱ ጋሼ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ዋልተር፣ እንደውም አስተማሪ ማጨስ ይወዳል አሉ። ዘመኑ ነውና በክርን ተሳሳሙ። ካርል መጽሐፉን አረሙ፤ ከገጹ ግርጌም «ምንጭ፦ አቶ ታደሰ፣ የአገር ሽማግሌ» ብለው ጻፉ። አንድ ቅጂም ወደ መንደሯ ላኩ።

ከወራት በኋላ ከመንደሯ ሹም ኢሜይል መጣ። መጽሐፉን ወደውታል። ነገር ግን አስተማሪው ሚስት አልነበረውም እንጂ አራት ልጆች ነበሩት፤ ሹሙ ራሳቸው ከአንደኛው ይወለዳሉ። የተከበሩ አቶ ታደሰ ነገሩን ቢያስረዱን ይላል።

በሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። እኔ በሐፍረት ላብ በላብ ሆኛለሁ። ጋሼ ምንም አልመሰላቸው።

«አራቱ ከስንት እናት እንደሆኑ ጠይቅልኝ» አሉኝ። «መንደሩ ለምን እንደተቃጠለ ገና አሁን ገባኝ።»