ለታችኛው ቤት ተከራይ ሲመረጥ

[እትዬ ውብዳር ኦክላንድ ውስጥ ላይና ታች የሆነ ቤት አላቸው። ከላይ ይኖራሉ፣ ታችኛውን ያከራያሉ፤ የሚተዳደሩትም በዚያ ኪራይ ነው። ነባሩ ተከራይ ወጥቶ ቤቱ ባዶ ሆኗል። ዛሬ ዘቢባ የምትባል ነርስ ልታየው ትመጣለች። የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም ፍስሐ፣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፣ «ብቻዎን አይሆንም» ብሎ ሳይጠሩት ከሳን ሆዜ መጥቷል። መኪናውን ደጅ ሲያቆም በመስኮት አይተውታል፤ የኋላው ወንበር ላይ ትራስ ነበር። አልጠየቁም። አሁን ባዶው ክፍል መሃል ቆመው ስለ ግድግዳው ቀለም ይጨቃጨቃሉ።]

ፍስሐ፦ ግራጫ ነው የምልዎት! ዛሬ ቢጫ ግድግዳ የሚከራይ ሰው የለም።

ውብዳር፦ ያስቀባሁት እኮ ባለፈው ሳምንት ነው። ሽታው እንኳ አልለቀቀም።

ፍስሐ፦ ያሳዝናል። ቀለም ስሜት አይደለም፣ እትዬ ውብዳር፤ ሳይንስ ነው። በተከታተልኩት የአከራዮች ሰሚናር ሁሉ የሚሉት ግራጫ ነው።

ውብዳር፦ የሚያስተምሩት ሰዎች የራሳቸው ቤት ግራጫ ነው?

ፍስሐ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? በኮምፒውተር ነው የማያቸው።

ውብዳር፦ ጥሩ ነው። ቤቱን አይተህለት የማታውቀው ሰው ስለ ቤት ሲመክርህ ደስ ይላል።

ፍስሐ፦ ደግሞ ጠዋት ፀሐይ በዚያ መስኮት ገብታ ቢጫው ላይ ስታርፍ ዓይኔን... [ያስላል] የተከራዩን ዓይን ትወጋለች።

ውብዳር፦ ምስኪን ተከራይ።

ፍስሐ፦ እሺ፣ ቀለሙን እንተወው። ዋናውን ይስሙኝ። አንደኛ፣ ይህ ቤት አይደለም። ቢዝነስ ነው።

ውብዳር፦ ታዲያ እሁድ እሁድ ልዝጋው?

ፍስሐ፦ ኧረ እትዬ! አስተሳሰቡን ነው የምልዎት። ዘቢባ ስትመጣ ምን ብለው ነው የሚጠይቋት? እስቲ እንለማመድ። እኔ ዘቢባ ነኝ።

ውብዳር፦ [ራሰ በራውን ከላይ እስከ ታች አይተው] ይሁን እንግዲህ። እንዴት ዋልሽ የኔ ቆንጆ? የማን ልጅ ነሽ?

ፍስሐ፦ ወንጀል!

ውብዳር፦ ምነው?

ፍስሐ፦ አገርሽ የት ነው፣ ሃይማኖትሽ ምንድን ነው፣ ባል አለሽ ወይ፣ ልጅ አለሽ ወይ፣ አይባልም። በዚህ አገር በሕግ ያስከስሳል!

ውብዳር፦ ከእግሬ ሥር የምታድር ልጅ ማን እንደወለዳት ሳልጠይቃት ስቀር አይከፋትም? የጠላኋት ይመስላታል።

ፍስሐ፦ ይክፋት! የሚጠየቀው ሥራዋ፣ ገቢዋ፣ ክሬዲቷ፣ ማለት የዕዳ አከፋፈል ታሪኳ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀድሞ አከራይዋ ጋ ኮል ያደርጋሉ። «በጊዜ ትከፍል ነበር? ለምን ወጣች?» ይላሉ። ይህን ሳይጠይቁ ለማንም ቁልፍ እንዳይሰጡ።

ውብዳር፦ ለምን ወጣች። ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እይዘዋለሁ።

ፍስሐ፦ ሁለተኛ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት ግድግዳውን፣ ምድጃውን፣ ሲንኩን ፎቶ ያነሳሉ።

ውብዳር፦ የሲንክ ፎቶ? ለማን ልልከው?

ፍስሐ፦ ለማንም! ይቀመጣል። ሰብረውት ቢወጡ ማስረጃ ነው። አራተኛ...

ውብዳር፦ ሦስተኛውስ?

ፍስሐ፦ ሦስተኛው ኢንሹራንስ ነው፤ ለእርስዎ ይከብዳል። አራተኛ፣ ዋናው፣ ያለ ሊዝ፣ ያለ ኪራይ ውል ማለቴ ነው፣ ማንም እግሩን እንዳያስገባ። ዘመድ ደግሞ በሊዝም ቢሆን አይሆንም!

ውብዳር፦ ዘመድ በእንግድነት ቢመጣስ?

ፍስሐ፦ እሱ የባሰ ነው! እንግዳ ሰንብቶ ዕቃውን ካስገባ፣ ፖስታ በስሙ መምጣት ከጀመረ፣ አለቀ። ተከራይ ነኝ ይልዎታል። ያለ ፍርድ ቤት አያስወጡትም። መጀመሪያ የጥርስ ብሩሹ ይመጣል፣ ቀጥሎ ትራሱ...

ውብዳር፦ ትራስ?

ፍስሐ፦ [በመስኮት ወደ መኪናው ገልመጥ ብሎ] ለምሳሌ ነው።

ውብዳር፦ ይሄኛው ገብቶኛል። ትራስ ካየሁ እጠነቀቃለሁ።

ፍስሐ፦ ስለዚህ ዘቢባ ብትቀርብዎት ይሻላል።

ውብዳር፦ እሷ ደግሞ ምን አደረገች? ትራስ ይዛለች?

ፍስሐ፦ ነርስ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ጎህ ሲቀድ ነው የምትገባው። በር ሲንኳኳ እርስዎ ይነቃሉ። ለእርስዎ የሚሆነው ጸጥ ያለ፣ ጡረታ የወጣ፣ ዕቃ የማያበዛ፣ ጠባይዎን የሚያውቅ ሰው ነው።

ውብዳር፦ እንዲህ ያለ መልአክ ከየት ይገኛል?

ፍስሐ፦ ከተፈለገ አይጠፋም። [ክፍሉን በእርምጃ እየለካ] አልጋው እዚህ ጋ፣ ራስጌው ወደ ኩሽናው በኩል...

ውብዳር፦ ልምምዱን አልጨረስንም እኮ። አሁን ዘቢባ መሆንህን ተውና ያንን ጸጥ ያለ ጡረተኛ ሁንልኝ።

ፍስሐ፦ [ፈገግ ብሎ] እሱስ ይቀለኛል።

ውብዳር፦ እንዴት ዋልክ ወንድሜ? የማን ልጅ እንደሆንክ አልጠይቅህም፤ ወንጀል ነው። እስካሁን የት ነበር የምትኖረው?

ፍስሐ፦ ሳን ሆዜ።

ውብዳር፦ አከራይህ ማን ነበር?

ፍስሐ፦ አከራይ የለኝም። የገዛ ቤቴ ነው።

ውብዳር፦ የገዛ ቤትህ ከሆነ ማን አስወጣህ?

ፍስሐ፦ [ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ] እኔው።

ውብዳር፦ ለምን ወጣህ? ይህን ሳልጠይቅ ቁልፍ እንዳልሰጥ ተመክሬያለሁ።

ፍስሐ፦ ልምምድ ነው ብለው እኮ...

ውብዳር፦ መልስ እንጂ።

ፍስሐ፦ ኤርምያስን ያውቁታል።

ውብዳር፦ አበ ልጅህን? ልጅህን ክርስትና ያነሳልህን?

ፍስሐ፦ እሱን። የተከራየው ቤት ተሸጠበትና «ለአንድ ሳምንት» ብሎ ከነሚስቱ ከነልጆቹ መጣ። ከዚያ አማቱ ከአገር ቤት መጡ። አበ ልጅ ሊዝ ፈርም ይባላል? ኪራይማ በምን አፌ! ቤቱ ሲጠብ እኔ ጋራዥ ገባሁ።

ውብዳር፦ በገዛ ቤትህ።

ፍስሐ፦ ጋራዡ ክፉ አልነበረም። ትናንት ግን የአማቱ ሻንጣዎች ገቡበት።

ውብዳር፦ ፎቶስ አንስተሃል?

ፍስሐ፦ የምን?

ውብዳር፦ የሲንኩን።

ፍስሐ፦ እትዬ ውብዳር፣ እባክዎ...

ውብዳር፦ ግድግዳህስ? ቀለሙ ምንድን ነው?

ፍስሐ፦ [በለሆሳስ] ግራጫ።

ውብዳር፦ ሰሚናሩ እውነቱን ነው። ይኸው ወደውት አልወጣም አሉህ።

[የበሩ ደወል ይጮኻል።]

ፍስሐ፦ ዘቢባን ዛሬ አይመችም ይበሏት። ለእኔ ለጥቂት ቀን ብቻ...

ውብዳር፦ ዘመድ በሊዝም አይሆንም። እንግዳ ደግሞ የባሰ ነው። አንተው ነህ ያልከው፤ እኔ ከየት አመጣዋለሁ? [ፊቱን ያዩና ድምፃቸው ይለሰልሳል] ስማኝ። ቅዳሜ አብሬህ ሳን ሆዜ እሄዳለሁ። አንተ አበ ልጄ ነው ብለህ ታፍራለህ፤ እኔ ግን እሱ ክርስትና ያነሳልኝ ልጅ የለኝም። ኤርምያስ ወይ ይፈርማል፣ ወይ ቤት ይፈልጋል።

ፍስሐ፦ እስከ ቅዳሜስ?

ውብዳር፦ እኔ ጋ እራትህን በልተህ ከላይ ሶፋው ላይ ትተኛለህ።

ፍስሐ፦ [ፊቱ በርቶ ወደ ደጅ እየተጣደፈ] እንግዲያው ዕቃዬን ላምጣ!

ውብዳር፦ [ለዘቢባ በሩን ሊከፍቱ እየሄዱ] የምትለብሰውን ብርድ ልብስ እኔ እሰጥሃለሁ። ትራሱ ግን መኪናው ውስጥ ይቆይ።