የጂንካ መናፈሻ አራቱ አግዳሚዎች ከስሚንቶ እንደ ወጡ

ለጧት ፀሐይ ምሥራቅን፣ ለጧት ጥላ ምዕራብን ርስት አድርጎ የሰጠ አምላክ ይመስገንና፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት የሆነውን ዜና እንጽፋለን፤ ይኸውም አብዮቱ በፈነዳ በሰባተኛው ዓመት፣ ጓድ ጎሳዬ በመናፈሻ አስተዳደርና ማስዋብ ኮሚቴ ሊቀ መንበርነት በተሾሙ በሁለተኛው ዓመት፣ የኮሚቴው ላንድሮቨር ሞተሩ ወርዶ ዶሮ በውስጡ እንቁላል በታቀፈችበት በስምንተኛው ወር፣ ከሁሉ በላይ ግን ወንድይፍራው ደምሰው የመናፈሻውን ባሊና መቀስ በጨበጡ በአራተኛው ዓመት ነው።

ወንድይፍራውስ ማን ናቸው ቢሉ፤ የጂንካ መናፈሻ ዘበኛም አትክልተኛም፣ አበ ጽጌረዳ፣ ጸረ ፍየል፣ ከነሪ ወንዝ በየቀኑ አሥራ ሁለት ባሊ ውሃ በትከሻቸው አምጥተው አበባ የሚያጠጡ፣ በጠጡት አበቦችም ፊት ቆብ የሚያወልቁ ሰው ናቸው። አውሬ አይፈሩም፤ የሰከረ ሰው አይፈሩም፤ ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ባዩ ጊዜ ግን ጉልበታቸው ይብረከረካል፤ ይህንንም የምንጽፈው ልናሳንሳቸው አይደለም፣ በኋላ የሠሩት ሥራ ከምን ዓይነት ጉልበት እንደ ወጣ ይታወቅ ዘንድ ነው እንጂ።

መናፈሻውም በከተማው መካከል ከተዘረጋው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጥግ ነበረ፤ ስፋቱ አንድ ጥማድ በሬ ከጧት እስከ ቀትር የሚያርሰው ያህል፣ አጥሩ ቁልቋል፣ በሩ አንድ ማጠፊያ ብቻ የቀረው ቆርቆሮ ሲሆን፣ በመካከሉ ታላቁ ዋርካ ቆሞ ነበር። የወንድይፍራው አባት አቶ ደምሰው ከሸዋ በመጡ ጊዜ በቅሏቸውን መጀመሪያ ያራገፉት ከዚህ ዋርካ ሥር ነው፤ ካረጁም በኋላ ከግንዱ በስተ ምሥራቅ ሃያ እርምጃ ርቃ ባለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከቀትር በኋላ እየተቀመጡ፣ ከሜዳው የሚመለሰውን ከብት ሲመለከቱ ይመሹ ነበር። እርሳቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆነ፤ ወንድይፍራውም አባታቸው በናፈቋቸው ቁጥር፣ ይህም በየቀኑ ነበር፣ ጧት ውሃ ሳይቀዱ በፊት ወደዚያች ድንጋይ ይሄዱና አጠገቧ ትንሽ ይቆማሉ። ድንጋይዋን በጧት ፀሐይ ግላ ያገኟት ስለ ነበር፣ ሽማግሌ ፀሐይ ይወዳል ብለው በልባቸው አኖሩ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ጓድ ጎሳዬ ሕዝቡን በድምፅ ማጉያ ሰብስበው እንዲህ የሚል አዋጅ አወጁ፦ «ጓዶች! ለሰፊው ሕዝብ መዝናኛ አራት አግዳሚ ወንበሮች ይተከላሉ። ከዚህ በፊት ለሰርግ ነው፣ ለለቅሶ ነው፣ ለስብሰባ ነው እየተባለ የወጡት ስድስት አግዳሚዎች እስከ ዛሬ ስላልተመለሱ፣ የአሁኖቹ እግራቸው በስሚንቶ ይቀበራል። መናፈሻው ጧት ለሥራ ተዘግቶ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ለሕዝብ ይከፈታል። ዘበኛ በአግዳሚ ላይ አይቀመጥም።» ሕዝቡም አጨበጨበ፤ ካጨበጨቡትም መካከል ከስድስቱ አግዳሚዎች ባንዱ ላይ ቤቱ ተቀምጦ ራቱን የሚበላ ሰው ነበረ፣ ስሙን ግን አንጽፍም።

በጥር አሥራ ስድስት ቀን፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ጧት በሁለት ሰዓት ለልማት ዘመቻ የወጣው ሕዝብ አካፋውን ይዞ በመናፈሻው ተሰለፈ። ወንድይፍራውም በዚያች ቀን እንደ ጦር አዝማች ሆነው ሲባጎ ወጠሩ፤ ጥላው ባረፈበት፣ በዋርካው ምዕራብ በኩል፣ አራቱን አግዳሚዎች በአንድ መስመር አስደረደሩ፤ ሦስቱን ሌሎች ሰዎች ሲተክሉ አራተኛውን በገዛ እጃቸው አሸዋውን ነፍተው፣ ስሚንቶውን አቡክተው ተከሉ። ነፋሻ ነበር፣ ደስ ይል ነበር። በአምስት ሰዓት ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ። ጧት የተተከለ አግዳሚ ከቀትር በኋላ እንደሚከፈት፣ ፀሐይም እስከዚያ ቁጭ ብላ እንደማትጠብቅ ካንድ መቶ ሰው አንድ እንኳ ያሰበ አልነበረም።

ስሚንቶው ደርቆ በሩ በተከፈተ ዕለት ሕዝቡ በዘጠኝ ሰዓት እየተጋፋ ገባ። መጀመሪያ የተቀመጡት ሰዎች ወዲያው ብድግ ብለው መቀመጫቸውን በእጃቸው ዳበሱ፤ አግዳሚው እንደ ምጣድ ግሎ ነበርና። ጥላውም ዋርካውን ዞሮ በምሥራቅ በኩል ተዘርግቶ፣ በሣሩ ላይ ማንንም ሳያስከፋ ተኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ከጥላው በመሬት ይቀመጣል፣ አራቱ አግዳሚዎች ማዶ በፀሐይ ብቻቸውን ይሰለፋሉ፤ ወንድይፍራውም ሲባጎውን የወጠረ እጃቸውን እያዩ ያፍራሉ።

በጥር መጨረሻ ደግሞ ባለ ክብ ማኅተም ደብዳቤ መጣ፤ ጓድ ጎሳዬም በበሩ ላይ አስለጥፈው በድምፅ ማጉያ አነበቡት፦ «የካቲት አሥር ቀን፣ ማክሰኞ በአሥር ሰዓት፣ ከበላይ የሚመጡ ልዑካን መናፈሻውን ይጎበኛሉ። በአግዳሚዎቹ ላይ ተጠቃሚ ካልተገኘ ቦታው ለባዶ በርሜል ማከማቻ ይሰጣል፣ ዋርካውም ለመኪና መግቢያ ሲባል ይቆረጣል።» ወንድይፍራው ይህን ሲሰሙ ጉልበታቸው እንደ ልማዱ ተብረከረከ፤ ልባቸው ግን ከጉልበታቸው በላይ ታመመ። ዋርካው ከወደቀ፣ ድንጋይዋም በበርሜል ከተከበበች፣ አባታቸውን ጧት ጧት የት ሄደው ያገኟቸዋል? አግዳሚዎቹን በእርጥብ ጨርቅ አበረዱ፣ ወዲያው ጋሉ፤ የእንሰት ቅጠል አለበሱ፣ ፍየል በላው።

ወኮነ፣ እንዲህም ሆነ፤ በየካቲት ሰባት ቀን፣ በገበያዋ ቅዳሜ፣ ሽማግሌው ዶላሞ ከበና አገር በሬ ሊሸጡ መጥተው፣ በሬያቸው ሳይሸጥ ስለ ዋለ በመናፈሻው ሊያርፉ ገቡ። በእጃቸውም በርኮታቸውን፣ ማለት የአገራቸው ወንዶች የትም የሚይዟትን፣ ሲቀመጡ ወንበር ሲተኙ ትራስ የምትሆነዋን ትንሽ እንጨት አንጠልጥለው ነበር። ጥላው ባለበት አስቀምጠው ተቀመጡባት፤ ጥላው ሲርቅ አንሥተው ተከተሉት፤ እንዲህ ሦስት ጊዜ ካደረጉ በኋላ ወደ አራቱ አግዳሚዎች ዞረው ሳቁና፣ ቆመው ለጂንካ ሕዝብ በሙሉ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «እናንተ ሰው ጂንካ! ስሙኝ። ጥላ እሱ እግር አለው፣ ይሄዳል። የናንተ ወንበር እግር አራት አለው፣ አይሄድም። ለምን እግር ቀበራችሁ? ሌባ ፈራችሁ? እኔ ለላም ሌባ እፈራለሁ፣ ግን የላም እግር አልቀብርም። ገመድ አስራለሁ። ላም ሣር ትበላለች፣ ወንበር ጥላ ይብላ!»

ይህ ቃል በወንድይፍራው ጆሮ ገብቶ እሑድን ሙሉ አላስቀመጣቸውም። ሰኞ ማለዳ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው አግዳሚዎቹን ለማንቀሳቀስ ፈቃድ ጠየቁ፤ ከጓድ ጎሳዬ ጽሕፈት ቤትም፣ «ጉዳዩ በየካቲት ሃያ አምስቱ መደበኛ ስብሰባ ይታያል» የሚል መልስ ወጣ። ልዑካኑ በአሥር ይመጣሉ፣ ስብሰባው በሃያ አምስት ይሆናል። ወንድይፍራው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት አራት አጥፈው በኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

በማግስቱም ማክሰኞ ጧት ሠራዊት ተሰበሰበ። በቀኝ ክንፍ በሬያቸው ስላልተሸጠ በከተማው የሰነበቱት ሽማግሌው ዶላሞ፣ በርኮታቸው በክንዳቸው፤ በግራ ክንፍ የቀድሞው አሥር አለቃ ንጉሤ፣ ዲጅኗቸው በትከሻቸው፤ በደጀን ሙሉነሽ፣ በመናፈሻው በር ሻይ የምታፈላዋ፣ ማንቆርቆሪያዋ በእጇ፤ ከእርሷ ኋላ ሻይ እንጂ ጦርነት ያላሰቡ ሰባት ሰዎች፤ ከእነርሱ ኋላ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቡችላ፤ ከቡችላው ኋላ በተከፈተው በር የአበባውን ነገር አስበው የገቡ ሁለት ፍየሎች፤ ወንድይፍራውም በዚያች ቀን ብቻ ፍየሎቹን አይተው እንዳላዩ አለፏቸው። ሰባቱ ሰዎች ወደ ኋላ ማለት በጀመሩ ጊዜ ሙሉነሽ ማንቆርቆሪያዋን ከፍ አድርጋ አወጀች፦ «ኧረ ስሙ! ዛሬ አካፋ ያልጨበጠ እጅ ብርጭቆ አይጨብጥም! ዋርካው ከተቆረጠ እኔስ የት ላፈላላችሁ ነው? በበርሜል ውስጥ?» ሰባቱም አካፋ ጨበጡ።

ውጊያውም ተጀመረ። ሕዝቡ የተከላቸው ሦስቱ አግዳሚዎች ስሚንቷቸው አሸዋ ይበዛበት ነበርና፣ ዲጅኖ ገና ሲነካቸው እንደ ወተት ጥርስ ተነቅለው ወጡ፤ ሠራዊቱም ድል አደረግን ብሎ ሻይ ጠጣ። አራተኛው ግን የወንድይፍራው የእጅ ሥራ ነበር። በቅን ልብ ተነፍቶ፣ በቅን ልብ ተቦክቶ፣ በቅን ልብ ውሃ ጠጥቶ የደረቀ ስሚንቶ ስለ ሆነ፣ ዲጅኖውን አጎበጠ፣ የንጉሤን መዳፍ አቆሰለ፣ አንዱን አካፋ ሰበረ፤ ወንድይፍራውም እየቆፈሩ አንድ ጊዜ በገዛ ሥራቸው ይኮሩ ነበር፣ አንድ ጊዜ ይረግሙት ነበር። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። የማረፊያው ጠባቂዎች ከብቱን ከሜዳው ሲያባርሩ ጩኸት ተሰማ፤ ይህም በጂንካ አውሮፕላን መጣ ማለት ነው። አውሮፕላኑ በላይ ሲዞር፣ አሥራ አንዱ ሰዎች በአንድ ድምፅ «ሆ!» ብለው ሳቡ፤ አራተኛውም አግዳሚ ሦስት እግሩ ባዶውን፣ አንድ እግሩ የስሚንቶ ጫማ እንደ ተጫማ ወጣ።

ወዲያውም አግዳሚዎቹን ወደ ጥላው ጎትተው፣ በዶላሞ ምክር በየአግዳሚው የቃጫ ገመድ አስረው ከዋርካው ግንድ ጋር አቆራኙ፤ ገመዱም ጥላውን ለመከተል የሚበቃ፣ እስከ በሩ ግን የማይደርስ ሆነ። ሦስቱን በአሥራ አምስት እርምጃ ቆረጡ። የአራተኛውን ወንድይፍራው ለብቻቸው፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ከግንዱ እስከ ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ለክተው ቆረጡት።

ጓድ ጎሳዬም ልዑካኑን አስከትለው በበሩ ሲገቡ አራት አግዳሚዎች እንደ ላም ታስረው አዩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለና በልዑካኑ ፊት አወጁ፦ «ይህን ያለ ፈቃድ የፈጸመ ግለሰብ በሕግ ይጠየቃል!» ያን ጊዜ ጉልበታቸው የሚብረከረከው ወንድይፍራው፣ ጉልበታቸው እየተብረከረከ፣ ወደ ፊት ወጡና የመጀመሪያና የመጨረሻ አዋጃቸውን አወጁ፦ «እኔ ነኝ። ጧት ጥላ አይቼ ከፀሐይ ላይ ያስተከልኩትም እኔ ነኝ፣ ዛሬ የነቀልኩትም እኔ ነኝ። እኔን ቅጡኝ። ዋርካውን ግን አትንኩብኝ፣ አባቴ ያረፈበት ነው።» ሙሉነሽም ብርጭቆ ማጠብ አቆመች።

የልዑካኑ መሪ ወፍራም ሰው ነበሩ፣ ከአውሮፕላኑ እስከ መናፈሻው በእግራቸው መጥተው ላባቸው ተንጠፍጥፏል፤ ስለዚህ ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት በቅርብ ባገኙት አግዳሚ፣ በአራተኛው፣ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሕዝቡም በሌሎቹ ሞልቶ ተቀመጠ። ሻይ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ፀሐይ የመሪውን ራስ ስትነካ ሽማግሌው ዶላሞ በርኮታቸውን አንሥተው ተነሡ፤ ሕዝቡ ሁሉ ተነሣ፣ አግዳሚውን ይዞ ጥቂት እርምጃ ሄደ፣ ተቀመጠ። መሪው በፀሐይ ብቻቸውን ቀሩ። ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ሻያቸውን ለጓድ ጎሳዬ አስያዙ፤ የአራተኛውን አግዳሚ አንድ ጫፍ ራሳቸው ጨበጡ፣ ባለ ስሚንቶ ጫማውን ጫፍ ወንድይፍራው ጨበጡ፣ ሁለቱም እያቃሰቱ ወደ ምሥራቅ ወሰዱት። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛውም መሪው ላባቸውን ጠርገው አወጁ፦ «ተመልክተናል። ተጠቃሚ አለ፤ እኛው ራሳችን ሆነን ተገኝተናል። ዋርካው አይቆረጥም፣ በርሜሎቹ ሌላ ቦታ ይፈለግላቸው። ዘበኛ አይቀመጥም የሚለውም ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል፤ ይህን የመሰለ ከባድ ነገር የሚጎትት ሰው ካልተቀመጠ ማን ሊቀመጥ ነው?» ጓድ ጎሳዬም ከሁሉ ቀድመው አጨበጨቡ፤ የያዙት ሻይ በሱሪያቸው ላይ ፈሰሰ።

ልዑካኑ ሄዱ፣ ዶላሞም በሬያቸውን ወደ አገራቸው ነዱ፣ ሕዝቡ ተበተነ። በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ወንድይፍራው አራተኛውን አግዳሚ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ጎተቱት፤ ገመዱም የተወጠረው ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ አጠገብ ነበር። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በመናፈሻው ተቀመጡ። እጃቸውን ዘርግተው ድንጋይዋን ዳሰሱ፤ ቀዝቅዛ አገኟት። ከብቱም አቧራ እያስነሣ ከሜዳው ይመለስ ነበር። ለካስ አባታቸው ፀሐይ ወዳድ አልነበሩም፤ የጂንካን ጥላ ከኮሚቴው ሁሉ በፊት የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ወንድይፍራውም ብቻቸውን ሳቁ፣ ትንሽም አለቀሱ።

ምስጋና ይሁን ለወንድይፍራው ወልደ ደምሰው፣ ለመጋቤ ጥላ፣ የገዛ ስሚንቷቸውን ድል ለነሡ፤ ሌሎች ድንበር ሲገፉ እርሳቸው አንድ አግዳሚ ሃያ እርምጃ ገፍተው ዋርካን ከመጥረቢያ ላዳኑ፤ ፍየሎች ይፍሯቸው፣ ጽጌረዳዎች ያብቡላቸው፣ ጥላውም አይራቅባቸው፣ ቢርቅም ገመዳቸው አይጠርባቸው፤ አሜን።